ሦስት ፍሬ ጥምዝ

ከዓለም ገና አልፎ፣ ከአስፋልቱ በስተግራ፣
ጥጥ እንደ ጉም ይነሣል መኪናው ሲያጓራ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ጉም ስሠራ
ሳንባዬ ልቃቂት ሆነ፣
በየትንፋሹ አንድ ክር እየጠነጠነ።

ሌሊት ግድግዳውን መታ መታ አድርጋ፣ ጎረቤቴ ቢፍቱ፣
«ድመት አስገባሽ እንዴ? ምንድን ነው ሲር ሲር የሚል በሌሊቱ?»
እኔ ነኝ፤ ደረቴ ነው።
ድመትስ ብትሆን ጠግባ ትተኛ ነበር፤ ይኸኛው እስኪነጋ ነው።

ሆዴም የራሱ ዓመል አለው።
በናይት ፈረቃ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ካርቶን ላይ ቁጢጥ ተብሎ፣
ከፌስታል የወጣ ፍርፍር፣ ቀዝቃዛ ለስላሳ ተከትሎ፤
ንጋት ላይ ጨጓራዬ ይነሣል፣ እስከ ጉሮሮዬ አቃጥሎ።

ጤና ጣቢያ ሰማያዊ መንፊያ ሰጡኝ፤ እሱን አልከሰውም፤
ስንቴ ከደጃፉ መልሶኛል፣ ውለታውን አልረሳውም።
ግን ወሩ ሳይሞላ ያልቃል፤
ፋርማሲው ዋጋ ሲጠራ፣ የተረፈኝ ትንፋሽ ይቋረጣል።

የመኪና ጥገናው ኃላፊ፣ ሚስተር ናምቢያር፣ ጸጉሩ የነጣ፣
አንድ ቀን ከጓሮ በር ቆሜ ሳስል አይቶኝ መጣ።
የምሳ ሣህኑን መሬት አስቀመጠ፣
እጄን ያዘ፤ የደም ሥሬን በሦስት ጣቱ አዳመጠ።
«ሰው ውስጥ ሦስት አለ» አለኝ። (እንደ ወንድ ነው የሚጠራኝ።)
«ነፋስ፣ እሳት፣ አክታ። የአንተ እሳት ከቤቱ ወጥቷል» ብሎ ነገረኝ።
ቀዝቃዛ አትጠጣ። ጠዋት ዝንጅብል በሙቅ ውሃ።
ስትተኛ በግራ ጎን። ስትበላ አትቸኩል።
ትልቁን ማዕድ ብላ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትውል።

ሳቅሁ።
ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ እኔ መጋረጃ ዘግቼ እተኛለሁ፤
ፀሐይ ስትገባ ተነሥቼ፣ በር ላይ ካርድ አስመታለሁ።
«ሆድ ሰዓት አለው» አለኝ። ፋብሪካም ሰዓት አለው፤
ሁለቱ ሰዓት ሲጣሉ፣ መሐል ቤት የሚታመም ሰው ነው።

በማግስቱ በጋዜጣ የተቋጠረ ነገር አቀበለኝ በምስጢር፦
«ከአገሬ፣ ከኬረላ። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ፍሬ። ለማንም አትናገር።
ሦስቱን ወቅጠህ፣ በማር፣ ማታ ማታ።»
ፈታሁት።
ጥቁር፣ ሻካራ፣ እንደ አባ ጨጓሬ ቀጠን ያለ።
አሸተትሁት፤ የእናቴ በርበሬ ድስት አፍንጫዬ ላይ ተከፈተ።
ጥምዝ! ይኼ እኮ ጥምዝ ነው።

ቢነገረው አላመነም።
ቅዳሜ ይዤው ሄድሁ፣ ሰበታ ገበያ፣ ቅመም ተራ፣
ከእማማ ደብሪቱ ዘንድ፣ ጥምዝ በጆንያ ከተሰጣበት ሥፍራ።
እፍኝ ሙሉ አነሣ። አሸተተ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።
«ቲፓሊ» አለ፤ «ቲፓሊ፣ ቲፓሊ» እያለ ስም ጠራ።
እማማ ደብሪቱ ወደ እኔ ዞረው፣ ጣሳቸውን እንደያዙ፣
«ምነው ልጄ፣ ቲፓሊ ማናት? ሚስቱ ሞታበት ነው?» አሉ፣ አዘኑ።
ሒሳብም አልተቀበሉት።

ዳንሁ ወይ? አልዳንሁም።
የአሥራ አንድ ዓመት ጥጥ በሦስት ፍሬ አይነቀልም።
መንፊያውን አልጣልሁትም፤ እሱም «አትጣል» ብሎኛል።
ግን አሁን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለስላሳው ቀርቷል፣
ፔርሙዝ ይዤ እገባለሁ፤ ሙቅ ውሃ ከዝንጅብል፤
ሁለት ልጆች ደግሞ ኩባያ ይዘው ይጠጉኛል።
ቁጭ ብለን እንጠጣለን፣ ሳንናገር፣ ሳንቸኩል፣
ሱፐርቫይዘሩ ሰዓቱን እያየ፣ በር ላይ ይውላል።

ትናንት ዕረፍት ነበርሁ። በግራ ጎኔ እንደተኛሁ፣
ግድግዳው ሁለቴ ተንኳኳ።
«ድመቷ የት ሄደች?» አለች ቢፍቱ።
«አለች» አልኋት፣ «ማር ልሳ ነው የተኛችው።»
ነገ ናይት ነኝ።